የአጥንት ካንሰር፦ ጠየቃችሁ፣ መለስኩ

አጥንት ክፍል የምሠራ ሐኪም ነኝ። ስለ አጥንት ካንሰር ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት ጥያቄው ጎርፏል። የሚደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አክስቴ የጡት ካንሰር ነበረባት። አሁን አጥንቷ ውስጥ ገብቷል ተባለ። የአጥንት ካንሰር ያዛት ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። አጥንት ውስጥ ቢገኝም የጡት ካንሰር ነው፤ የሚታከመውም እንደ ጡት ካንሰር ነው። በትልልቅ ሰዎች አጥንት ላይ የምናየው አብዛኛው እንዲህ ከጡት፣ ከፕሮስቴት፣ ከሳንባ ወይም ከኩላሊት የመጣ ነው። ከአጥንቱ ከራሱ የሚነሳው ብርቅ ነው፤ ከመቶ የካንሰር ታማሚ አንድ እንኳ አይሞላም።

ጥያቄ፦ ከራሱ የሚነሳው ስንት ዓይነት ነው?

መልስ፦ ብዙ ነው፤ ሦስቱን ማወቅ ግን ይበቃል።

በብዛት የሚያጋጥመው ኦስቲዮሳርኮማ ነው። ቁመቱ በሚመዘዝበት ዕድሜ ላይ ያለን ልጅ ይወዳል። ቦታውም ያው ጉልበት አካባቢ ነው፦ የጭን አጥንት ታችኛው ጫፍ ወይም የቅልጥም ላይኛው ጫፍ። ከዚያ ቀጥሎ ትከሻ አጠገብ። አጥንቱ ቶሎ የሚያድግበት ቦታ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ዩዊንግ ሳርኮማ ነው። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1921 በዝርዝር ከጻፈው አሜሪካዊ ሐኪም ከጄምስ ዩዊንግ የመጣ ነው። እሱም የልጆችና የወጣቶች ነው፤ ዳሌ፣ ጭን፣ የጎድን አጥንት ላይ ይወጣል። ተንኮሉ ትኩሳት ማምጣቱ ነው። ልጁ ያተኩሰዋል፣ ቦታው ያብጣል፣ ይግላል። በቃ፣ አጥንቱ መግል ይዟል ይባልና አንቲባዮቲክ ለወራት ይዋጣል። እኛ አገር የአጥንት ቲቢም ስላለ ግራ መጋባቱ ይብሳል።

ሦስተኛው ኮንድሮሳርኮማ ከ40 ዓመት በላይ ያሉትን ይይዛል። የሚነሳው ከልም አጥንት (እንደ ጆሮ ለስላሳ ከሆነው አጥንት) ሕዋስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ኬሞም (ካንሰር ገዳዩ መድኃኒት) ጨረርም ብዙም አይበግረው። መድኃኒቱ ቢላዋ ነው፤ ሙልጭ አድርጎ ማውጣት።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ኳስ ሲጫወት ተመትቶ ነው የጀመረው። ምቱ ካንሰር ያመጣል?

መልስ፦ አያመጣም። ብዙ ጊዜ ምቱ ሰው ቦታውን እንዲያይ ያደርጋል እንጂ እጢው ቀድሞም ነበር።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ማታ ማታ እግሬን ይላል። ፈራሁ።

መልስ፦ እናቴ፣ ሁለቱንም እግሩን ከሆነ፣ ጠዋት ተነስቶ የሚሮጥ ከሆነ፣ እብጠትም ከሌለ፣ የእድገት ሕመም ሊሆን ይችላል። እኔን የሚያስፈራኝ አንድ ቦታ ላይ የተተከለ፣ ሳምንታት ያለፈው፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ነው። እሱ ራጅ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ወጌሻ ጋ ወስደነው ነበር። ጎዳነው?

መልስ፦ ወጌሻ ጠላቴ አይደለም። ለወለምታ እኔም ሄጄ አውቃለሁ። ግን ያልወደቀ ልጅ ሲያብጥ አይታሽም። አንድ የ15 ዓመት ልጅ ትዝ ይለኛል፤ ከጉልበቱ በላይ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፣ ደም ሥሮቹ ተገትረዋል፣ የቅቤው ሽታ ገና አልለቀቀውም። ሦስት ወር ታሽቷል። ያ ሦስት ወር ነው የሚያንገበግበኝ።

ጥያቄ፦ እግር መቆረጡ አይቀርም?

መልስ፦ ድሮ እንደዚያ ነበር። ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1977 በ18 ዓመቱ ኦስቲዮሳርኮማ ተገኘበትና ቀኝ እግሩ ከጉልበት በላይ ተቆረጠ። በ1980 በሰው ሠራሽ እግር 143 ቀን ሮጦ 5,373 ኪሎ ሜትር ሸፈነ። ያስቆመው ሳንባው ውስጥ የተገኘው ካንሰር ነው፤ በዓመቱ በ22 ዓመቱ አረፈ። ሳንባ ነው የዚህ በሽታ ቀዳሚ መዳረሻ፤ ደረት ሲቲ (ውስጡን አጥርቶ የሚያሳይ የራጅ ዓይነት) የምናዘውም ለዚሁ ነው።

ዛሬ ለኦስቲዮሳርኮማ ቀድሞ ኬሞ ይሰጣል፣ ከዚያ የታመመው አጥንት ብቻ ወጥቶ ብረት ወይም ሌላ አጥንት ይተካል፣ ከዚያ ደግሞ ኬሞ። ዋናው ደም ሥርና ነርቭ ከተበላ ግን መቁረጡ ሕይወት ያተርፋል። በቀዶ ሕክምና ብቻ ሲታከም ከአምስት አንድ ገደማ ነበር የሚተርፈው። አሁን ሳይሰራጭ ከተያዘና ሕክምናው ከተሟላ ከሦስት ሁለት ያህሉ አምስት ዓመት ያልፋሉ።

ጥያቄ፦ ናሙና ከተወሰደ ይሰራጫል ይላሉ።

መልስ፦ በትክክል ከተወሰደ አትፍሩ። ቁም ነገሩ ማን ይወስዳል ነው። መርፌው ያለፈበት መንገድ በኋላ ከእጢው ጋር አብሮ መውጣት አለበት። ስለዚህ ናሙናውን የሚወስደው ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ቡድን፣ ወይም ከእሱ ጋር የተመካከረ ሰው ይሁን።

ጥያቄ፦ ልጄ ከወር በፊት ራጅ ተነስታ ደህና ናት ተባለ። ሕመሙ ግን አልተዋትም።

መልስ፦ ተመለሽ እህቴ። መጀመሪያ ላይ ራጅ ላያሳይ ይችላል። ድጋሚ ትነሳ፤ ካልተለየ ኤምአርአይ (በማግኔት ውስጡን የሚያሳይ ምርመራ) ጠይቂ። የድሮውን ራጅ እንዳትጥዪው። ከአዲሱ ጎን ሲሰቀል ብዙ ይናገራል።