ወደ ድሬዳዋ በባቡር ልሂድ? መጽሐፎቼንስ በፖስታ ልላክ? ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ድሬዳዋ ሥራ ተመድበሻል፣ በባቡር መሄድ አስበሻል፣ መጽሐፎችሽንና ሰነዶችሽን በፖስታ አስቀድሜ ብልክስ ብለሻል። ቤት ስላልተከራየሽም አድራሻ የለሽም፣ ስለ ድሬ ቤት ኪራይም ጠይቀሻል። እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፣ አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ባጭሩ አንቺ በባቡር፣ መጽሐፎቹ በፖስታ። ኦሪጅናል ሰነድ ግን ከእጅሽ አይውጣ።

ከፖስታው ልጀምር፣ ሰው የሚፈራው እሱን ነውና። እኛ አገር ፖስታ በር እያንኳኳ ሳይሆን በሳጥን ቁጥር ነው የኖረው። ስለዚህ ቤት አለመከራየትሽ ምንም አይደለም። የምትገቢበት መሥሪያ ቤት የፖስታ ሳጥን ቁጥር ካለው ቀድመሽ ደውይና በስምሽ ዕቃ እንደሚመጣ ንገሪያቸው። ካርቶኑ ላይ ስምሽን፣ የመሥሪያ ቤቱን ስም፣ የሳጥን ቁጥሩን፣ ከተማውንና ስልክሽን ጻፊ። ስልኩን አደራ! ብዙ ጊዜ ከዕቃሽ ጋር የሚያገናኝሽ እሱ ነው። ስምሽም ልክ መታወቂያሽ ላይ እንዳለው ይሁን፣ ከነአያትሽ። አንድ ጊዜ ዘመዶቼ ለአክስቴ በቤት ስሟ ልከውላት፣ መታወቂያዋን ይዛ «እኔ እኮ ነኝ» ስትል ነው የዋለችው።

ኢኤምኤስ የሚባለው የፖስታ ቤቱ አስቸኳይ መላኪያ ፈጣን ነው፣ ግን መጽሐፍ ከባድ ስለሆነ ሂሳቡ ያስደነግጣል። ካልቸኮልሽ በተራው ጥቅል ላኪው፣ በመዝገብ ይሁንልኝ በይ፣ ቁጥር ያለበትን ደረሰኝ ፎቶ አንሺው። ካርቶኑን በፕላስተር ጠቅልለሽ አትሂጂ፣ ውስጡን እንይ ካሉሽ እንደገና ልትፈቺው ነው።

ወደ ባቡሩ ስንመጣ፣ ፖስታና ባቡር እኛ ጋ እኩዮች ናቸው። ምኒልክ ፖስታ ቤት እንዲቋቋም ያወጁትም፣ ለሐዲዱ ፈቃድ የሰጡትም በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ድሬ ደረሰ። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች መውጣቱ ከበደና ባቡሩ ከታች ቀረ፣ ድሬም በዚያው ከተማ ሆነች። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ዋናው ፖስታ ቤት ያለበትን የቸርችል ጎዳና ይዘሽ ቁልቁል ብትወርጂ ለገሃር፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ ላይ ነው የምታርፊው። ታዲያ ብዙ ሰው የዛሬውም ባቡር ከዚያ የሚነሳ ይመስለዋል። አይደለም። በ2010 ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪኩ ባቡር ሐዲዱም የተለየ ነው፣ ከድሮው ሰፊ ነው፣ መነሻውም ከከተማው ዳር ለቡ ነው። ለታክሲ ሹፌር «ባቡር ጣቢያ» ብቻ ካልሽው ወይ ለገሃር ወይ የቀላል ባቡር ፌርማታ ያወርድሻል። «ፉሪ ለቡ» በይው።

ባቡሩ በየቀኑ ላይኖር ስለሚችል ቀኑን ሳታረጋግጪ ሻንጣ አትሸክፊ። ትኬት ስትቆርጪ መታወቂያ ያዢ። ወንበርም አልጋም አለ። አልጋ ከሆነ የታችኛውን ጠይቂ፣ የላይኛው ላይ ቀና ብሎ መቀመጥ አይቻልም፣ መስኮቱም ያመልጥሻል። መስኮቱ ደግሞ አያምልጥሽ። ከአዳማ በኋላ አገሩ ይለወጣል፣ መተሐራ ላይ የፈንታሌ ተራራና የበሰቃ ሐይቅ ይመጣሉ። ይሄ ሐይቅ ከዓመት ዓመት እየሰፋ የድሮውን ሐዲድ ሲያስቸግር የኖረ ነው። ከአዋሽ በኋላ ግራር፣ አቧራ፣ ግመል። ከብትና ግመል ሐዲድ ላይ እየገባ ባቡሩ ቀስ የሚልበት ጊዜ አለ፣ እና በደረስሽበት ቀን ሥራ ልጀምር ብለሽ እንዳትቀጣጠሪ።

ዋጋ ከአውቶቡስ ጋር እያነጻጸርሽ ከሆነ፣ በኔ ግምት ባቡሩን የሚያስመርጠው ብሩ አይደለም፣ እግርሽን ዘርግተሽ፣ ተነስተሽ ወዲያ ወዲህ ብለሽ መሄድሽ ነው። ምግብና ብዙ ውሃ ያዢ።

ድሬ ስትደርሺ እዚያም ጣቢያው አዲሱ ነው፣ ከከተማው ወጣ ያለ። ሽማግሌዎቹ ሸመንደፈር የሚሉት የድሮው ለገሃሬ ነው፣ መሃል ከተማ። አዲሱ ጋ ሁሉም ተሳፋሪ አንድ ላይ ስለሚወርድ ባጃጆቹ ዋጋ ይሰቅላሉ። ከመሥሪያ ቤትሽ የሚቀበልሽ ሰው ካለ ንገሪው፣ ከሌለም ከሁለት ሦስት ሰው ጋር ተጋርተሽ ግቢ። ስለ ቤት ኪራይ የጠየቅሽውን ግን አሁን ድሬ የሚኖሩት ይመልሱልሽ፣ እኔ ከወጣሁ ቆየሁ።