የልማት ጥናት ዶክትሬት፦ ስለ መስክ፣ ስለ ፈቃድና ቁጭ ብሎ ስለ መጠበቅ ጠይቁኝ

በዓለም አቀፍ ልማት ጥናት ዶክትሬት የሚሠሩ ሰዎች እንዴት እንደሚኖሩ፣ የት የት እንደሚሄዱ ብዙዎች ይጠይቁኛል። መንገዱን ስለማውቀው የመጡትን ጥያቄዎች ሰብስቤ እነሆ። የማመልከቻ ደብዳቤ እንዳርምላችሁ የላካችሁልኝን ግን ዛሬ አልነካም።

ጥያቄ፦ ከኢኮኖሚክስ በምን ይለያል? ስሙ ብቻ የተቀየረ ይመስለኛል።

መልስ፦ አንድ ሸለቆ ላይ የመስኖ ግድብ ተሠራ እንበል። ኢኮኖሚስቱ ምርቱ በስንት ጨመረ ብሎ ይጀምራል። የልማት ተመራማሪው ደግሞ ውሃው ለማን ደረሰ፣ ማን ወሰነ፣ ከመሬቱ የተነሡት የት ገቡ ይላል፤ ለዚህም ታሪክ፣ ፖለቲካ፣ አንትሮፖሎጂና ቁጥር አንድ ላይ ያስፈልጉታል። ሆላንድ፣ ዘ ሄግ ያለው የማኅበራዊ ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1952፣ እንግሊዝ ሰሴክስ ያለው የልማት ጥናት ተቋም በ1966 ተመሠረቱ። ቅኝ ግዛት እያከተመ፣ አዲስ መንግሥታት እየቆሙ ባሉበት ዘመን ነውና ዘርፉ ከጅምሩ ከፖሊሲ ጋር ተጣብቆ አድጓል። ይህ ጥንካሬውም ጣጣውም ነው።

ጥያቄ፦ ስንት ዓመት ይፈጃል?

መልስ፦ እንግሊዝ ከ3 እስከ 4 ዓመት። ሆላንድ አብዛኛውን ጊዜ 4፤ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች እጩውን እንደ ተቀጣሪ ደመወዝ ይከፍሉታል። አሜሪካ መጀመሪያ ክፍል ትምህርት ስላለ 5፣ 6፣ አንዳንዴም 7።

ጥያቄ፦ እናንተ ሁልጊዜ አውሮፕላን ላይ ናችሁ። ሥራ ነው ወይስ ሽርሽር?

መልስ፦ ፎቶው ላይ የሚታየው ጉዞው ነው፤ ቁጭ ብሎ መጠበቁ ፎቶ የለውም። የመጀመሪያው ዓመት ንባብና ፕሮፖዛል ነው። ከዚያ ጥናቱ ሰው እንዳይጎዳ የሚመረምረው የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ ከዚያ መስክ፣ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር። የቀረው ሁሉ ወንበር ላይ ነው፦ ቅጂ ማዳመጥ፣ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ፣ መጻፍ፣ መሰረዝ። የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ለመገልበጥ ግማሽ ቀን ይሄዳል። መስክ ላይም ቢሆን የምትቀመጡት የሆነ ቢሮ በር ላይ ነው፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለሱ። ይህን የባከነ ጊዜ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ዘርፉን ቢተወው ይሻለዋል። መሥሪያ ቤቱ እንዴት እንደሚሠራ፣ ማን ሰተት ብሎ እንደሚገባ፣ ማን ቆሞ እንደሚውል የሚታየው እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው።

ጥያቄ፦ በቱሪስት ቪዛ ገብቼ ጥቂት ሰው አነጋግሬ ብወጣስ?

መልስ፦ አታድርገው። ኬንያ ከናኮስቲ፣ ታንዛኒያ ከኮስቴክ፣ ማለትም ከየአገሩ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን፣ የምርምር ፈቃድ ይጠየቃል፤ ሌሎች አገሮችም የየራሳቸው አላቸው። ከአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ጋር መያያዝን የሚጠይቁም አሉ። ከዋና ከተማ የተጻፈው ደብዳቤ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ መንደር ይወርዳል፤ በየደረጃው ማኅተም አለ። ከመነሣትህ ብዙ ወራት ቀድመህ ጀምር። ያለ ፈቃድ ብትያዝ አንተ ትባረራለህ፤ የረዱህ ሰዎች ግን እዚያው ይቀራሉ።

ጥያቄ፦ አማካሪዬ ብዙ መንደር እንዳዳርስ ይፈልጋል። እኔ አንድ ቦታ መቆየት እመርጣለሁ። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ እኔ ካንቺ ጋር ነኝ። እንግሊዛዊው የልማት ምሁር ሮበርት ቻምበርስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ «የገጠር ልማት ቱሪዝም» ያለው ነገር አለ። ባለሙያው ከከተማ ይነሣል፣ አስፋልት እስካለበት ይሄዳል፣ ፕሮጀክት ያለበትን መንደር ያያል፣ ሹማምንትንና ወንዶችን ያነጋግራል፣ ሳይመሽ ይመለሳል። የሚሄደውም በበጋ ነው። በብዙ ገጠር ደግሞ ረሃቡ፣ በሽታውና እዳው የሚበረቱት ዝናብ ሲጥል፣ አዝመራው ሳይደርስ ነው፤ ያኔ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ መኪናው አይገባም። ስለዚህ ድህነቱ ከሁሉ በከፋበት ወር የሚያየው እንግዳ የለም። ያኔ የተጻፈ ቢሆንም ዛሬም የመስክ መርሐ ግብሩ እንዲያ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ እረፍት ከበጋ ጋር ሲገጥም በተለይ። ለአማካሪሽ ክረምቱን እዚያ ማሳለፍ እፈልጋለሁ በይው። ብዙ መንደር ካለ ግን፣ ቢያንስ ከአስፋልቱ የራቀ አንድ ይኑርበት።

ጥያቄ፦ ቋንቋውን አልችልም። አስተርጓሚ ይበቃኛል?

መልስ፦ አስተርጓሚ ስትቀጥር ከቋንቋው ጋር ዘሩን፣ ጾታውን፣ የአባቱን ስምና የድሮ ጠቡንም ትቀጥራለህ። ሴቶች በአንድ ሹም ልጅ ፊት ስለ መሬት ሲጠየቁ ምን እንደሚሉ መገመት አያቅትም። የሚቻል ከሆነ ሁለት ረዳት ያዝ፣ አንዷ ሴት ትሁን። ደመወዙን በጽሑፍ አድርገው፣ የሕክምናና የመጓጓዣ ወጪንም በጀትህ ውስጥ ከመጀመሪያው አስገባ። ሌላው የሚያናድደኝ ደግሞ ይኸውላችሁ፦ በሩን ያስከፈተ፣ ግማሹን ጥያቄ ያስተካከለ ሰው በምስጋና ገጽ አንድ መስመር ይሰጠውና ያበቃል። ጽሑፍ ላይ ድርሻ ካለው ስሙ ከደራሲዎቹ ጋር ይግባ።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት በሌለበት መረጃ በምን ይሰበሰባል?

መልስ፦ ኮቦ ቱልቦክስ በሚባል የመጠይቅ መተግበሪያ። ስልክ ላይ ያለ ኔትወርክ ይሞላል፣ መስመር ሲገኝ ይላካል። ስልኩን ቆልፉት፣ የሰዎቹን ስም ከመልሱ ለይታችሁ አስቀምጡ።

ጥያቄ፦ እውነት አደጋ አለው? ቤተሰቤ ፈርቷል።

መልስ፦ አለው። ጁሊዮ ሬጄኒ የካምብሪጅ የዶክትሬት ተማሪ ነበር፤ ግብጽ ውስጥ ነጻ የሠራተኛ ማኅበራትን ሲያጠና እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 2016 ካይሮ ውስጥ ጠፋ፤ ከቀናት በኋላ አካሉ ላይ የሥቃይ ምልክት ያለበት አስከሬኑ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች የደኅንነት ቅጽ ማስሞላቱን አጥብቀዋል። ቅጹ ግን በአብዛኛው የሚጠይቀው ስለ ወባና ስለ መኪና ነው፤ ርዕሱ ራሱ ማንን እንደሚያስቆጣ መጠየቅ የእናንተ ፋንታ ነው። የአገሩን ተወላጅ ምሁራን አማክሩ። የአገሩ ተወላጅ ከሆናችሁ ደግሞ የምትሸሹበት ኤምባሲ እንደሌለ አስቡ።

ጥያቄ፦ በአፍሪካ ፓስፖርት ጉባኤ ላይ መሄድ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ድካሙ ግን እኩል አይደለም። ባልደረባችሁ ትኬት ሲቆርጥ እናንተ የባንክ ሒሳብ መግለጫ ታሰባስባላችሁ። ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለው የሸንገን የአጭር ጊዜ ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቆይም፤ ሁለት ጉባኤና አንድ የእረፍት ጊዜ አጭር ትምህርት (ሰመር ስኩል) የምታጣምሩ ቀኑን ቁጠሩ። የግብዣ ደብዳቤውን ጥናታችሁ ተቀባይነት ባገኘ ዕለት ጠይቁ። ዳካር ያለውን ኮዴስሪያንም አትርሱ፤ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የአፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪዎችን የሚያገናኝ ምክር ቤት ነው።

ጥያቄ፦ ልጅ ይዞስ?

መልስ፦ ይዘው የሚሄዱ አሉ። የነጻ ትምህርት ገንዘቡ ግን ብዙ ጊዜ ለአንድ ሰው ነው የሚሰላው፤ ሳትፈርሚ በፊት የቤተሰብ አበል አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ያነጋገርናቸው ሰዎች ከእኛ ዲግሪ ምን ያገኛሉ?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ምንም፤ ይህንንም ፊት ለፊት ልትነግሯቸው ይገባል። ደቡብ አፍሪካ ያሉ የሳን ሕዝቦች፣ የአካባቢው ጥንታዊ ነባር ነዋሪዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የራሳቸውን የምርምር ሥነ ምግባር ደንብ አውጥተዋል። መከበርን፣ ሐቀኝነትን፣ ፍትሕንና ተቆርቋሪነትን ይጠይቃል፤ ተመራማሪው የሚናገርበት ቋንቋም ግልጽ እንጂ የምሁር ቋንቋ እንዳይሆን ያዝዛል። ኮሚቴ ከሚሰጣችሁ ቅጽ በፊት እሱን አንብቡ። በጀታችሁ ውስጥ ለመመለሻ ጉዞ ገንዘብ ያዙ፤ ውጤቱን በአገሬው ቋንቋ ስብሰባ ላይ ንገሩ፣ ሲቃወሟችሁም መዝግቡ። ምርጡን ምዕራፍ የሚሰጣችሁ ያ ተቃውሞ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ከዚያ በኋላ ሥራ?

መልስ፦ ቋሚ የማስተማር ቦታ ከተመራቂው በጣም ያነሰ ነው። ብዙዎች ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች፣ ወደ በጎ አድራጎት፣ ወደ አማካሪነት ይገባሉ። ይህን እያወቃችሁ ግቡ። የቀሩትን ጥያቄዎች ነገ ማታ እመለስባቸዋለሁ፤ ስለ ስኮላርሺፕ የጠየቃችሁ የምታመለክቱበትን አገር ጻፉልኝ።