ውስጤ ሰላም አጣ፤ ምን ልውሰድ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 31 ነው፣ ጅማ መርካቶ አካባቢ ሱቅ አለኝ። ሥራውም ትዳሬም ደህና ነው፤ ውስጣዊ ሰላም ግን የለኝም። ከሰዓት ከጓደኞቼ ጋር ስቅም ልቤ ያርፋል። ማታ እንቅልፍ ባይኔ አይዞርም፣ ጠዋት ሆድ ይብሰኛል። ሰው «ጸሎት አብዛ» ይለኛል። መድኃኒት ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ውስጤ ሰላም የለውም» ብሎ ከሚመጣው ሰው አንዱ ሐዘኑን ሳያለቅስ ውጦት ነው፣ ሌላው ከወንድሙ ተኳርፎ፣ ሌላው ደግሞ እንዳንተ እንቅልፍ አጥቶ። ውስጣዊ ሰላም ማለት ጭንቀት ጨርሶ አለመኖር አይደለም። ልጅ ሲታመም፣ ዕቃ ሲወደድ ማን የማይጨነቅ አለ? ሰላም ያለው ሰውም ይጨነቃል፤ ግን እራቱን በልቶ ይተኛል።

ያንተን ነገር ሳየው ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ጫቱን ነው። ምርቃና ሰላም ይመስላል እንጂ አይደለም። እርጥቡ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን አንጎልን እንደ አምፌታሚን ያነቃቃል፤ ወሬው ይጥማል፣ የማይሆነው ሁሉ የሚሆን ይመስላል፣ ከሰዓታት በኋላ ይወርድና ድብርቱ፣ መነጫነጩና እንቅልፍ ማጣቱ ይከተላል። ጨብሲ ከተጨመረበት ደግሞ መጠጡ ያለችህንም እንቅልፍ ይቆራርጣታል። የጠዋቱ ሆድ መባስ ከኑሮህ ሳይሆን ከትናንቱ ጫት የመጣ ሊሆን ይችላል።

ቡናም እንዳትረሳ። የካፌይኑ ግማሽ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ የጠጣኸው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና አብሮህ ነው። አቦሉንም በረካውንም ጠዋት አድርገው።

ጫቱን ለ3 ሳምንት አቁመህ እየው። መጀመሪያ ሰሞን ድካም፣ ቅዠትና ሐራራ ይኖራል፤ ያልፋል። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ ዲያዜፓም የሚባለውን ማረጋጊያ መድኃኒት ገዝተህ እንዳትውጥ፣ ሌላ ሱስ ነው የሚሆንብህ። ጸሎትህን አትተው፤ ከሕክምና ጋር አይጣላም።

ጫቱን ትተህም ድብርቱ ከ2 ሳምንት በላይ ካልለቀቀህ ወይም የምትወደው ነገር ሁሉ ካስጠላህ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና አለ፣ ሂድ። የመሞት ሐሳብ ከመጣብህ ግን ቀን አትቁጠር፣ ያኔውኑ ሂድ። ልብህ የሚመታብህና የምትከሳ ከሆነ የእንቅርት ሆርሞንም ይታይልህ። ሐኪሙ ሲጠይቅህ በቀን ስንት ዙርባ እንደምትቅም ሳትቀንስ ንገረው፤ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይደብቅና ሕክምናው አቅጣጫውን ይስታል።