የዳትሰን 240ዜድ ዳሽቦርድ አወጣጥ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ስለ ዳትሰን 240ዜድ ዳሽቦርድ የሚጠይቀኝ ሰው በዛ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1973 የተሸጠችው ባለ ስድስት ሲሊንደር መኪና ናት። የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝና የማውቀውን ልመልስ። መሀል ላይ ከዳላስና ከሲያትል ሁለት አንባቢዎችም ገብተው ይከራከራሉ። ከሁሉም በፊት ግን የባትሪውን ኔጌቲቭ ሳትነቅሉ ዳሽቦርዱን አትንኩት። እያንዳንዱን ሶኬትም ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሁሉም ሰው 240ዜድ ዳሽቦርድ የሚሰነጠቀው ለምንድነው?

መልስ፦ ውስጡ ብረት ነው፣ በብረቱ ላይ ስፖንጅ አለ፣ ከላይ ደግሞ ስስ ቪኒል ለብሷል። መስታወቱን አልፎ የሚመታው ፀሐይ ቪኒሉን ያደርቀዋል። ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ይቀደዳል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከላይ፣ ጌጆቹ (መለኪያዎቹ) አካባቢ ነው።

ጥያቄ፦ ለማውጣት ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ባትሪ። ከዚያ ወንበሮቹን አውጣ፤ ግድ አይደለም፣ ግን ጀርባህን ታተርፋለህ። ቀጥሎ መሀል ያለውን ኮንሶል፣ ሬዲዮውን፣ የማሞቂያውን መቆጣጠሪያና የተሳፋሪውን መሳቢያ ታወጣለህ። መሪውን ፍታ፣ የመሪውን ዘንግ የያዙትን ብሎኖች አላላና ዘንጉን ዝቅ አድርገው። የፍጥነት መለኪያውን ገመድ ከጀርባ በእጅህ አሽከርክረህ አላቀው። ይህን ገመድ ረስቶ ዳሽቦርዱን የጎተተ ሰው ገመዱንም ጌጁንም ይሰብራል።

ከዚያ ብሎኖቹ ናቸው። ከላይ መስታወቱ ስር፣ በሁለቱም ጎንና መሀል ላይ አሉ። መስታወቱ ስር ያሉትን በአጭር ካቻቪቴ ፍታቸው፤ ረጅሙ መስታወቱን ይነካዋል። ደግሞም የጃፓን መስቀል ብሎን ከተለመደው ፊሊፕስ ይለያል። የብሎኑን ራስ ከምትበላው የጃፓኑን ካቻቪቴ ግዛ፤ ዋጋው ትንሽ ነው።

ስታወጣው ሁለት ሰው ሁኑ። ብረቱን ያዙ እንጂ ቪኒሉን አትጎትቱ። ያልተሰነጠቀውም ያኔ ነው የሚሰነጠቀው።

ጥያቄ፦ የእኔ አልወጣ አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የቱ ጋ ነው የያዘህ? መስታወቱ ስር? መሪው ጋ? ጎኑ ላይ? ፎቶ ሳትልክ «አልወጣ አለኝ» ብትለኝ ምን ብዬ ልመልስልህ? አንድ ያልተፈታ ብሎን አለ ማለት ነው። ጉልበት አትጠቀም።

ጥያቄ፦ ስሠራ ባትሪውን መንቀል የግድ ነው?

መልስ፦ የግድ ነው። ከላይ ብዬው ነበር፣ ግን ይህ ሊደገም የሚገባው ስለሆነ ምክንያቱን በደንብ ላስረዳ።

240ዜድ ላይ መሀል ካሉት ጌጆች አንዱ አምፔር ይለካል። መኪናው የሚጠቀምበት ኤሌክትሪክ በአብዛኛው በዚህ ጌጅ ውስጥ ያልፋል፤ ወደ ፊውዝ ሳጥኑ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ከጌጁ ጀርባ ያሉት ወፍራም ሽቦዎች ሁልጊዜ ኃይል አላቸው። ቁልፉ ቢዘጋም አላቸው። ከመካከላቸው አንዱ ብረት ቢነካ ሽቦው ሊነድ ይችላል፣ የሳጥኑ ፊውዝ አያድነውም።

ዳሽቦርዱ ወጥቶ ሳለ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እዩ። ሶኬቶቹ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ካለ አጽዱ። የደረቀና የተሰነጠቀ ሽቦ ቀይሩ። የፊውዝ ሳጥኑንም ተመልከቱት፤ የፓርኪንግ መብራቱ ፊውዝ ያለበት ቦታ እየጋለ ፕላስቲኩን ማቅለጡ የታወቀ የዚህ መኪና ችግር ነው። የፊት መብራቱ ኤሌክትሪክ በሙሉ መሪው ላይ ባለው ማብሪያ ውስጥ ያልፋል፣ ማብሪያውም በዚህ ምክንያት ይቃጠላል። ሪሌ አስገቡለት። ማብሪያው ሪሌውን ብቻ ያዛል፣ ከባዱን ኃይል ሪሌው ይሸከማል። መብራታችሁም ይደምቃል።

ሰው ስንጥቅ ሊያስጠግን ብሎ ይህን ሁሉ ፈትቶ፣ ሽቦውን ሳያይ መልሶ ሲገጥም ያናድደኛል። ስንጥቅ መኪና አያቃጥልም፣ ሽቦ ግን ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ ስንጥቁን በሽፋን ልደብቀው ወይስ አዲስ ልግዛ?

መልስ፦ በጀትህ ይወስናል።

ከዳላስ፦ ሽፋን ይበቃል። ተለጥፎ ያምራል፣ ማንም አያውቅብህም።

ከሲያትል፦ እኔ ግን አውቃለሁ! ሽፋን ማለት ቁስል ሳይታጠብ ማሸግ ነው። ስር ያለው ስፖንጅ መፍረሱን ይቀጥላል። ደግሞ ኋላ ዋናውን አስጠግናለሁ ብትል ማጣበቂያው ቪኒሉን ይዞት ይወጣል።

ከዳላስ፦ ሁሉም ሰው መኪናውን ለኤግዚቢሽን አይደለም የሚይዘው። እኔ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምሄድበት ነው።

ከሲያትል፦ ታዲያ ለምን 240ዜድ ገዛህ? ካምሪ ይበቃህ ነበር።

መልስ፦ ተዉ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የሚነዳት ይሸፍን፣ ኦሪጅናሉን የሚፈልግ አዲስ ቪኒል ለሚያለብስ ባለሙያ ይላክ። ግን የምትልኩት እናንተ ካወጣችሁት በኋላ ነውና፣ ባትሪ።

ጥያቄ፦ ከ240ዜድ በኋላ የመጣችውን የ280ዜድ ዳሽቦርድ በርካሽ አገኘሁ። ይገጥማል?

መልስ፦ አይ። ተወው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መልሼ ገጠምኩ፤ አሁን ሞተሩ አልነሳ አለ። ስታርተሩ ግን ይዞራል።

መልስ፦ ጎበዝ እህቴ፣ እንዲህ ነው ጥያቄ የሚጠየቀው። የሞተር ዙር የሚለካውን ጌጅ ሶኬት እዪ። 240ዜድ ላይ ወደ ኮይሉ (ለካንዴላው እሳት ወደሚሰጠው) የሚሄደው ኃይል በዚህ ጌጅ በኩል ነው የሚያልፈው። ሶኬቱ ካልተሰካ ወይም ከላላ ካንዴላው እሳት አያገኝም። ብዙ ሰው ካርቡሬተር ይፈታል፣ ቤንዚን ይፈትሻል፣ ችግሩ ግን እዚያች ሶኬት ላይ ነው። እሷን ሳታዪ ሌላ ነገር አትፍቺ።

ጥያቄ፦ ሙሉ ዳሽቦርድ ብቀይር የመኪናው ቁጥርስ?

መልስ፦ ይህን የጠየቅኸኝ አንተ ብቻ ነህ፤ ሁሉም ሊጠይቅ ይገባው ነበር። መኪናዋን የሚለየው ቁጥር ያለበት ጠፍጣፋ ብረት ዳሽቦርዱ ላይ በሪቬት ተመትቷል፣ ከውጭ በመስታወቱ ይታያል። ዳሽቦርዱን ስትቀይር እሱ ከአሮጌው ጋር ይሄዳል። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ይህን ቁጥር መንቀልና መለወጥ ይከለክላል፤ ለጥገና የግድ ሲሆን ብቻ የተፈቀደበት ሁኔታ አለ። ክፍለ ግዛቶችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ሪቬቱን በራስህ አትቆፍር። መጀመሪያ የግዛትህን የተሽከርካሪ ቢሮ ጠይቅ፣ መልሱን በጽሑፍ ያዝ። ቁጥሩ ኮፈኖው ስር ባለው ግድግዳ ላይም ተመትቶ ይገኛል፤ የሁለቱን አንድነት በፎቶ አስቀምጥ። አሮጌውን ዳሽቦርድ ቁጥሩ በቢሮው ፈቃድ ሳይነሳ እንዳትሸጥ።

ጥያቄ፦ ይህችን መኪና ለአባቴ አዲስ አበባ ብልክስ?

መልስ፦ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል። የእኔ ርዕስ ግን ይህ አይደለም።

ከዳላስ፦ ለዲያስፖራ ልዩ ፈቃድ የለም?

መልስ፦ ስለ ዳሽቦርድ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ የእኔ የ1995 ማዝዳ ሚያታ ናት። አሠራሩ ተመሳሳይ ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እንዳትሞክረው። ያንተ በመሪውም በተሳፋሪው በኩልም ኤርባግ አላት። የኤርባግ ሶኬት በግምት አይነካም። የፋብሪካውን መመሪያ ይዘህ፣ ባትሪ ነቅለህ፣ መመሪያው የሚለውን ያህል ጠብቀህ ነው የሚሠራው። ካልሆነ ለሚያውቅ ስጠው።

ጥያቄ፦ ዳሽቦርዱ ወጥቶ ሳለ ሌላ ምን ልሥራ?

መልስ፦ የማሞቂያውን ጎማዎችና ቫልቭ ቀይር፤ ኋላ ቢያፈስ ይህን ሁሉ እንደገና ልትፈታ ነው። የጌጆቹን አምፖሎች በሙሉ ቀይር፣ የተቃጠለውን ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባትሪ ሳልነቅል ሬዲዮውን ብቻ ባወጣስ?

መልስ፦ ንቀል።