ላባ የጣለች ዶሮና የኅዳር ብርድ፦ ያላችሁን ጠይቁኝ

አራት ኪሎ ጓሮዬ ውስጥ ዶሮ ማርባት ከጀመርኩ 20 ዓመት አልፎኛል። አሁን 11 አሉኝ፤ አራቱ ላባቸውን እየጣሉ ነው። ሌሊቱ ስለከረረ ሰሞኑን ሁላችሁም ስለዚሁ ነው የምትጠይቁኝ። ዛሬ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልናገር፤ ከሰል ዶሮ ቤት አይገባም።

የካዛንቺሷ፦ እትዬ፣ ቦቫንስ የምትባለው የፈረንጅ እንቁላል ጣይ ዶሮዬ ዓመት ተኩል ሆኗታል። አንገቷ ተመልጦ ሥጋዋ ይታያል፣ እንቁላልም አቁማለች። ታማብኝ ይሆን?

መልስ፦ አልታመመችም የኔ እናት፣ ላባ እየቀየረች ነው። በዚህ ዕድሜ የሚጠበቅ ነው። ከራስና ከአንገት ይጀምራል፣ ወደ ደረት፣ ጀርባና ክንፍ ይወርዳል፣ ጭራ መጨረሻ ነው። ከ2 እስከ 4 ወር ሊወስድ ይችላል። ፈረንጅ አገር ቀኑ ሲያጥር መንጋው በአንድ ወቅት ላባውን ይጥላል። እኛ ጋ ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም ስለማይበልጥ ሁሉም በየራሷ ጊዜ ነው የምትጥለው፤ አንዷ ተመልጣ ሌላዋ ሙሉ ላባ ለብሳ ብታዪ አትደንግጪ።

የተመለጠውን ቦታ ጠጋ ብለሽ እዪ። እንደ እሾህ ብቅ ብቅ ያለ ነገር ካለ አዲስ ላባ ነው። እሱ ከሌለ ደግሞ ክንፏን አንሺና ሥሩን፣ መቀመጫዋንም እዪ። ላባው ሥር ነጭ ነገር ተጣብቆ ከተከማቸ የቅማል እንቁላል ነው።

ያን እሾህ ግን አትንኪው። ውስጡ ደም አለ። ባለፈው ሳምንት ገብስማዋን ዶሮዬን ሳላስብ ጀርባዋን ይዤ ባነሳት ጮኸች፣ አንዷ ላባ ተሰብራ አውራ ጣቴ ላይ ደም ጠብ አለ። ዱቄት ነስንሼ በጨርቅ ጫን አድርጌ ያዝኩት፣ ቆመ። ሌሎቹ ደም ካዩ ይወጓታል፤ እስኪደርቅ ለብቻ አውያት።

የልደታው፦ ምን ላብላት? እኔ ፉርሽካና የእንጀራ ፍርፋሪ ነው የምሰጠው።

መልስ፦ በዚህማ ላባ አይበቅልም ወንድሜ። ላባ ከመቶ 85 እጁ ገደማ ፕሮቲን ነው። እንቁላል ያቆመችውም ያላትን ፕሮቲን ለላባዋ ስለምታውለው ነው። የእንቁላል ጣይ መኖ ፕሮቲኑ ከመቶ 16 አካባቢ ነው፣ አሁን 18 እስከ 20 ቢደርስላት ጥሩ ነው። የኑግ ፋጉሎ፣ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን ማለቴ ነው፣ ጨምርበት። የተቀቀለ እንቁላል ፈርፍረህ ስጣት። አኩሪ አተር ካገኘህ ቆልተህ እንጂ ጥሬውን አትስጥ። ማታ ቆጥ ላይ ከመውጣቷ በፊት አንድ እፍኝ ስንዴ ወይም በቆሎ ጣል አድርግላት፤ ሌሊቱን ሲፈጭ ያሞቃታል። ከእፍኝ ካለፈ ግን ዋናውን መኖ ትተዋለች። የሻገተ እንጀራ በጭራሽ! አቮካዶም እንደዚያው።

የፒያሳው፦ እትዬ፣ ሌሊት ሲበርዳቸው ትንሽ ከሰል አቀጣጥዬ ባስገባስ?

መልስ፦ ምን ብዬ ጀመርኩ? አይገባም! ጎረቤቴ አንድ ማታ አዝኖላቸው የከሰል ማንደጃ አስገብቶ በሩን ጥርቅም አድርጎ ዘጋ። ጠዋት ስድስቱም ከቆጡ ሥር ወድቀው ነበር። የከሰል ጭስ ባይታይም መርዙ አለ፤ ሰውን የሚገድለው እሱው ነው።

አሁን በደንብ ስሙኝ። ዶሮን ብርድ አይገድላትም። የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ላባዋ ደግሞ ጋቢዋ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ሆና ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ቢወርድም ደረቅ ቤት ያላት ዶሮ ትችለዋለች። የሚገድላት እርጥበት ነው። ሌሊቱን ትተነፍሳለች፣ ኩሷም እርጥብ ነው፣ ያ ሁሉ እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ቆርቆሮው ሥር ጤዛ ሆኖ መልሶ ይንጠባጠብባታል። እናንተ ደግሞ ብርድ ፈርታችሁ ቀዳዳውን ሁሉ በማዳበሪያና በሸራ ትደፍናላችሁ።

ደንቡ ቀላል ነው፤ ላይ ክፍት፣ ታች ድፍን። ከጣሪያው ሥር፣ ከቆጡ በላይ፣ በሁለት በኩል ስንዝር የሚያህል ክፍተት ተዉና ሸለምጥማጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት። ዶሮዋ በተቀመጠችበት ከፍታ ግን ነፋስ አይምጣባት። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ወይም ጭድ 10 ሳንቲሜትር ያህል አንጥፉ፣ የረጠበውን በየጊዜው አውጡ። ቆጡም ጠፍጣፋ ይሁን፣ ተቀምጣ በሆዷ ላባ ጣቶቿን እንድትሸፍን። የዶሮ ቤቱ አየር ንጹሕ መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ በጠዋት በሩን ከመክፈታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ በዶሮዋ ቁመት አሽትቱ። ዓይናችሁን ካቃጠላችሁ እሷ ሌሊቱን ሙሉ በዚያ ውስጥ ነው ያደረችው።

የሠራተኛ ሰፈሩ፦ ቄብ አሁን ስንት ገባች?

መልስ፦ የገበያ ነገር አላውቅም። ሾላ ሂደህ ጠይቅ።

ስም ያልጻፈ፦ ዶሮዬ ደስ አላላትም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ዕድሜዋ? ምን ትበላለች? ኩሷ ምን ይመስላል? እንዲህ ሲባል ምን ብዬ ልመልስ? አረንጓዴ ካስቀመጣት፣ አንገቷ ከተጣመመ ወይም አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ለይና የእንስሳት ሐኪም ጥራ። ክትባቱ ቀድሞ ነው፣ ከታመመች በኋላ አያድናትም። የሰው መድኃኒት ካፕሱል ፈትታችሁ ውኃ ውስጥ መበተንም ይቅር።

የገዳም ሰፈሩ፦ እንቁላል ካቆመች ለገና ማረድ ነው እንጂ ሦስት ወር በነጻ መቀለብ ምን ይሉታል?

የቀበናዋ፦ የፈረንጅ ዶሮ ለዶሮ ወጥ? ቁሌቱ ሳይበስል ሥጋዋ ይፈርሳል።

የገዳም ሰፈሩ፦ የሚፈርሰው የሥጋ ዶሮ ነው። ያረጀች እንቁላል ጣይ 12 ብልቷ ሳይበተን ትወጣለች።

የቀበናዋ፦ የሀበሻ ዶሮ ጣዕም የት ይገኛል!

የልደታው፦ ጣዕሙስ እሺ፣ ግን የሀበሻ ዶሮ በዓመት 60 እንቁላል ብትጥል ነው። ቦቫንስ ጥሩ ከተያዘች 300 ትደርሳለች።

መልስ፦ ልጆቼ፣ ወጡን ለበዓሉ አቆዩት። ላባ የምትቀይር ዶሮ ካረድክ ያን ሁሉ እሾህ ስትነጭ ትውላለህ። ብትታገሣት ደግሞ ላባዋን ስትጨርስ መልሳ ትጥላለች፤ ቁጥሩ ከመጀመሪያው ዓመት ያንሳል፣ እንቁላሉ ግን ይተልቃል፣ ቅርፊቱም ይጠነክራል።

የእሪ በከንቷ፦ ኅዳር 12 ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲያጥን ዶሮዎቼ ሲያስነጥሱ ዋሉ። ብርዱ ነው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። ጭሱ ነው። የኅዳር በሽታ በ1911 ዓ.ም. ያን ያህል ሰው ከፈጀ ወዲህ የቆየ ልማድ ነው፣ ይቅር አልልም። ዶሮ ግን ከሳንባዋ ሌላ በሰውነቷ ውስጥ የተዘረጉ የአየር ከረጢቶች ስላሏት ጭስ ቶሎ ይጎዳታል። ለከርሞ ጭሱ ከማይደርስበት ጥግ አውያቸው። በሁለት ሦስት ቀን ካልተዋቸው ለሐኪም አሳዪ።

የሰንጋ ተራው፦ አምፖል ባበራስ ቶሎ እንቁላል አትጀምርም?

መልስ፦ ብርሃን እንቁላል ያመጣል፣ እውነት ነው። አሁን ግን ተዋት፣ ትረፍ። ላባዋን ጨርሳ አናቷ ላይ ያለው ሥጋ ሲቀላ ያኔ ታበራለህ።

የፒያሳው፦ ከሰሉ ከተቀጣጠለና ጭሱ ከወጣ በኋላስ?

መልስ፦ አይገባም አልኩ እኮ! ፍሙም ያው መርዝ አለው።

የካዛንቺሷ፦ እትዬ፣ አሁን ሄጄ አየሁት። ቆርቆሮው ሥር ውኃ ተንጠልጥሏል። የጠቀጠቅኩትን ማዳበሪያ አንዱን ጎን አወጣሁት።

መልስ፦ ሌላውንም ጎን አውጪው፣ ሽቦውን ግን ሳይመሽ ምቺበት። ጭዱንም ዛሬውኑ ቀይሪ። ነገ ጠዋት ቆርቆሮውን በእጅሽ ዳስሺና ንገሪኝ።