ስለ ጤና አዳም ለጠየቃችሁ

ለአንድ ስኒ ቡና ስንት ቅጠል ይበቃል?
አንዲት ትንሽ ቀንበጥ፤ ቡናው ከተቀዳ በኋላ ነክሮ ማውጣት ነው።

አንድ የአዳማ አንባቢ በቀትር ጤና አዳም ሲከረክሙ ውለው በማግስቱ ክንዳቸው ውኃ ቋጠረ። ጎረቤት «የሰው ዓይን ነው» ብሏቸዋል።
ዓይን አይደለም። ጭማቂው ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ቆዳ ላይ ቀርተው ፀሐይ ሲያገኛቸው ያቃጥላሉ። ቃጠሎው የሚወጣው ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ስለሆነ ሰው ከተክሉ ጋር አያገናኘውም። አያፍርጡት፣ ቅጠሉን አሽተው አይቀቡበት፣ ከፀሐይ ይሸፍኑት። ጥቁር ምልክቱ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ከእንግዲህ አመሻሽ ላይ፣ በጓንትና በረጅም እጅጌ ይቁረጡ። ካመረቀዘ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

አንዲት እናት ደግሞ የሁለት ወር ልጃቸው ሆዱን ሲቆርጠው አማታቸው ጤና አዳም ጨምቀው ሊያጠጡት እንደሚፈልጉ፣ እህታቸውም የወር አበባዋ ስለቀረ ቀቅላ እየጠጣች እንደሆነ ጽፈዋል።
ሁለቱም ዛሬውኑ ይቁም! ቡና ላይ የሚነከረው ቀንበጥ ማጣፈጫ ነው፤ ጭማቂውና ቅቅሉ ግን መጠኑ ያልታወቀ መድኃኒት ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ዘይት ኃይል እንደ ተክሉና እንደ ወቅቱ ስለሚለያይ «አንድ እፍኝ» ማለት ልክ አይሆንም። በብዛት ሲጠጣ ማህፀንን ያኮማትራል፣ ጉበትና ኩላሊትን ይጎዳል፤ ለውርጃ ጠጥተው የሞቱ ሴቶች አሉ። እህትዎ የእርግዝና ምርመራ ታድርግ። ደም፣ ከባድ የሆድ ሕመም ወይም ትውከት ካለ በቀጥታ ሆስፒታል ትሂድ፤ የጠጣችውንም ለሐኪሙ አትደብቅ። ይህን ለወጉ ያህል አልጻፍኩትም፤ አደራ።
ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ውኃም አያስፈልገው። ካጠቡት በኋላ ትከሻዎ ላይ አድርገው ያስገሱት። ትኩሳት ከያዘው፣ አረንጓዴ ካስመለሰው ወይም ጡት እንቢ ካለ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ይሩጡ። አማትዎ ጤና አዳሙን ለቡዳ ከነጭ ሽንኩርት ጋር መቋጠር ከፈለጉ በር ላይ ይስቀሉት፤ አንገቱ ላይ ግን አይሰሩት፣ ክሩ ያንቃል።

የተከልኩት ጤና አዳም በየቀኑ ውኃ እያጠጣሁት ቢጫ ሆኖ ሞተብኝ።
የገደለው ውኃው ነው፤ ሥሩ በስብሷል። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ያላበበ ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ የታች ቅጠሉን አራግፈው፣ እኩል አሸዋና አፈር ውስጥ ጥላ ሥር ይትከሉ፤ ሥር ሲይዝ ወደ ፀሐይ ያውጡት። አፈሩ ውስጥ ጣትዎን ከተው ደረቅ ሲሆን ብቻ ያጠጡ። ጤና አዳም የሎሚ ዘመድ ስለሆነ የሎሚ አባጨጓሬም ይወጣበታል፤ ሲነኩት ከራሱ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ቀንድ ያወጣል። በእጅ ይልቀሙት፤ ቡና ውስጥ የሚገባ ቅጠል ላይ ፀረ ተባይ አይረጭም።