አንባቢ ይጠይቃል፦ ከደብረ ብርሃን በብስክሌት የት የት ይኬዳል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ያገለገለ የተራራ ብስክሌት ከአዲስ አበባ ገዝቼ መጥቻለሁ። እስካሁን አስፋልት ላይ ብቻ ነው የነዳሁት፤ ከአይሱዙ ጋር መጋፋት ግን ሰለቸኝ። የእግር መንገዶቹ ለብስክሌት ይሆናሉ? አንኮበር ድረስስ?

መልስ፦ ይሆናሉ። አንኮበርን ግን ለጊዜው አቆየው፣ እመለስበታለሁ።

እኔ አሁንም የምወደው ከከተማው ወጣ እንዳልክ የሚጀምረውን ሜዳ ነው። ለብስክሌት ተብሎ የተሠራ አንድም መንገድ የለም፤ ገበያተኛው፣ ተማሪውና አህያው የቀደዱት ነው። አንዱ በገብስ ማሳ ድንበር ይሄድና የድንጋይ ካብ ይታከካል፣ ባሕር ዛፍ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ወንዝ ዳር ለሦስት ይከፈላል፣ አንተም የትኛው እንደሚያወጣህ ለማወቅ ሦስቱንም አንዳንድ ቀን ትሞክራለህ።

ደግሞ እንደ ወሩ ይለዋወጣል። ሐምሌ ላይ አትሞክረው፤ ጥቁሩ አፈር ጎማውና ሹካው መሀል ተጠቅጥቆ ጎማው መዞር ያቆማል፣ ብስክሌቱን ተሸክመህ ነው የምትመለሰው። መስከረም ያምራል፣ ግን ሰብሉ ቆሟል። ድንበሩ ጠባብ ስለሆነ መሪህ ገብሱን እያጠፈ ነው የሚሄደው፤ እዚያ ላይ ወርደህ ግፋ። አጨዳው ሲያልቅ፣ ታኅሣሥ አካባቢ፣ አገሩ ሁሉ ይከፈትልሃል። ያን ጊዜ ደግሞ ውርጩ አለ። 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ መሆንህን አትርሳ። አንድ ጠዋት ያለ ጓንት ወጥቼ ጣቴ ከመደንዘዙ የተነሳ ፍሬኑን ልያዝ አልያዝ አላውቅም ነበር። አሁን ፀሐይ ሞቅ ሳትል፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ማለቴ ነው፣ ከቤት አልወጣም።

ወደ አንኮበር ልምጣ። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው ትንፋሹን ነው። ትንፋሽ ቆም ብለህ ታገኘዋለህ፤ እኔን ጉድ የሠራኝ ፍሬኔ ነው። ደጋው ጫፍ ላይ ስትደርስ መሬቱ ወደ ቆላው ይናዳል፣ የመኪናው መንገድ ሲጠማዘዝ የእግር መንገዱ ቀጥ ብሎ ቆርጦ ይወርዳል። እኔም ቆርጬ ወረድኩ፣ ፍሬኑን ጨምድጄ ይዤ። የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ቀጥሎ እጀታው እስከ መሪው ድረስ ገባ፣ ብስክሌቱ ግን አልቆመም! ቁጥቋጦ አተረፈኝ እንጂ ሌላ ታሪክ ነበር። ወደ ቤት የተመለስኩት ብስክሌቴ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ነው፣ ያው አንተ የሰለቸህ አይሱዙ።

ስለዚህ ከመሄድህ በፊት የፍሬኑን ላስቲክ ቀይር፣ ካቦውንም እይ። ስትወርድ ያዝ ለቀቅ እያደረግህ ሁን፣ ወገብህን ከኮርቻው ወደ ኋላ አውጣ፣ እንዲበርድም ቆም በል። የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበት ጉብታ የትም አይሄድም። መንገዱ ደህና መሆኑን ደግሞ በዚያው ሳምንት ከዚያ የመጣ ሰው ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ውሾቹ አላስወጣ አሉኝ። ፔዳሌን ባፈጠንኩ ቁጥር ይብስባቸዋል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ አታፍጥን፣ ውረድ እንጂ። ብስክሌቱን በአንተና በውሻው መሀል አድርገህ «ውሻ ያዙልኝ!» ብለህ ተጣራ። ከጎጆው አንድ ልጅ አይጠፋም። ባለቤቱ ሲወጣ «እንደምን ዋላችሁ» በል፤ በሁለተኛው ሳምንት ውሻውም ይለምድሃል፣ ባይለምድህም ሰውየው ያውቅሃል። ጭነት የያዘ አህያ ከፊትህ ካለም እንደዚሁ ነው። ከኋላ ዝም ብለህ አትምጣበት፣ ይደነብራል። ከሩቅ ድምፅ አሰማ፤ ገደል ያለበት ከሆነ በተራራው በኩል ተጠግተህ አሳልፈው። አንዴ በገደሉ በኩል ቆሜ የገብስ ጆንያ ትከሻዬን ገፍቶኛል፣ አይደገምም።

ጥያቄ፦ መንዝ ጓሳ ላይ በብስክሌት ሜዳውን ማቋረጥ ይቻላል?

መልስ፦ መንገዱ ላይ ንዳ፣ ሣሩ ውስጥ አትግባ። ጓሳውን ሕዝቡ ራሱ በባህላዊ ሕግ ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረ ነው፤ ቤቱን የሚከድንበት ሣር ነው። ከሣሩ ሥር ያለው መሬት የአይጥ ጉድጓድ ነው፣ ቀይ ቀበሮው የሚኖረው ደግሞ በእነዚያ አይጦች ነው። የፊት ጎማህ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ አንተም በመሪው ላይ ትበራለህ። ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ሹራብ ያዝ፣ ጭላዳዎቹ መንገዱን ከያዙም ቁጭ ብለህ ዳቦህን ብላ፣ እስኪያልፉ።